ኪዮጃ፣ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል

ሰሜን ጣልያን ውስጥ ያለችው የኪዮጃ ከተማ የደረስሁት ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር፤ ላየው የመጣሁት የዓሣ ገበያ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ይህን ያወቅሁት ከፓዶቫ ከአንድ ሰዓት በላይ በአውቶቡስ ተጉዤ፣ ባዶ ዘንቢሌን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቀይ ሸራ ከተወጠረባቸው ባዶ መደቦች ፊት ከቆምሁ በኋላ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ የእኔ ፈንታ ስለ ነበር የማማርረው ሰው አልነበረኝም። አንዲት ድመት ብቻ በታጠበው ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እርሷም እንደ እኔ ቀኑ የተሳሳተባት ትመስል ነበር። ደግነቱ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ይዤ ስለ ነበር የገበያውን ነገር ለማግስቱ ትቼ ከተማዋን በእግሬ መዞር ጀመርሁ።

ፓዶቫ መኖር ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይዤው የምሄደው ወደ ቬኒስ ሲሆን፣ በዚያው ላጉን (ከባሕሩ በቀጭን መሬት የተከለለ ጥልቀት የሌለው ውሃ) ደቡባዊ ጫፍ፣ በዚያው ጨዋማ ውሃ መካከል የተቀመጠችውን ኪዮጃን ግን አንድም ቀን አስቤያት አላውቅም። ቦይም ድልድይም አላት፤ ነገር ግን ቬኒስን አይቶ የጠገበ ሰው «ትንሿ ቬኒስ» የምትባል ከተማ ለማየት ሌላ ቀን አይመድብም፤ የበደላት ይኸው የቅጽል ስሟ ይመስለኛል። የከተማዋ ቅርጽ የዓሣ አጥንት ነው ይላሉ፤ ኮርሶ ዴል ፖፖሎ የሚባለው ሰፊ ጎዳና አከርካሪዋ ሲሆን፣ ከግራና ከቀኝ ወደ ቦዮቹ የሚወርዱት ጠባብ መንገዶች ጎድኖቿ ናቸው።

ከጎዳናው ጎን ለጎን በሚሄደው በቬና ቦይ ዳር የታሰሩት ጀልባዎች ሣጥንና መረብ የጫኑ የሥራ ጀልባዎች ናቸው። ከመስኮት እስከ መስኮት አንሶላ ተሰጥቷል፤ ከበታቹ ሦስት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ ፎቶ ሳነሳም ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጎዳናው በሚያልቅበት በቪጎ አደባባይ፣ ዐምድ ላይ የቬኒስ ምልክት የሆነው ባለ ክንፉ የቅዱስ ማርቆስ አንበሳ ቆሟል፤ ከትንሽነቱ የተነሣም የቬኒስ ሰዎች «ድመቱ» እያሉ ያሾፉበታል። እውነትም ትንሽ ነው፤ ይህን ለኪዮጃ ሰው መናገር ግን አይመከርም።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ከፓዶቫ መምጣቴን ስነግራቸው፣ «እናንተማ ከ1379 ጀምሮ እዳ አለባችሁ» ብለው ቀለዱብኝ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ላይ የቬኒስ ባላንጣ የነበረችው የጄኖቫ ጦር በፓዶቫው ገዥ እገዛ ኪዮጃን ያዘ፤ ቬኒሶች ደግሞ ድንጋይ የተሞሉ ጀልባዎችን በመግቢያዎቹ ላይ አስምጠው መውጫ ከለከሉት፤ በረኃብ የተያዘው ጦር እጁን የሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ነበር። እኔ ለዚህ የምከፍለው ነገር እንደሌለኝ ነግሬያቸው ቁልፌን ተቀበልሁ።

ብዙ ያቆየኝ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ሰዓት ነው። በሰነድ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1386 ጀምሮ ሲሆን፣ እስካሁን ከሚሠሩት የዓለም ጥንታዊ መካኒካል ሰዓቶች አንዱ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በየዕለቱ የማልፈውን የፓዶቫ ማማ ሰዓት በመጀመሪያ፣ በ1344፣ የሠራው ያኮፖ ዶንዲ የሚባል ሐኪም መሆኑን አውቅ ነበር፤ ይኸው ሰው ከ1313 ጀምሮ የኪዮጃ ከተማ ሐኪም እንደ ነበረና ልጁ ጆቫኒም እዚሁ እንደ ተወለደ ግን የተረዳሁት አሁን ነው። ልጁ በ1364 የፕላኔቶችን አካሄድ የሚያሳይ አስደናቂ መሣሪያ ሠርቶ ጨርሷል፤ ቤተ ሰቡም «ባለ ሰዓቱ» የሚል መጠሪያ ወጥቶለታል። አባትየው ደግሞ የባሕር ውሃ ለምን እንደሚሞላና እንደሚጎድል የጻፈ ሰው ነው። ደረጃዎቹ በቀን ሁለት ጊዜ እየተሸፈኑ ሁለት ጊዜ በሚገለጡበት ከተማ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ስለ ሰዓትና ስለ ውሃ ባያስብ ነበር የሚገርመኝ።

የዚያ ዘመን ጣልያኖች ቀኑን መቁጠር የሚጀምሩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ዋዜማን የምታውቀው እናቴ ይህ ጨርሶ እንግዳ እንደማይሆንባት ገመትሁ። ማታ ከባሕር ዳር ደውላ እንደ ልማዷ «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ስትለኝ፣ የትኛውን አቆጣጠር እንደምነግራት ለአፍታ ግራ ተጋባሁ።

ሐይቅ ዳር ያደግሁ ነኝና ውሃ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር። ጣና ግን የሚሞላው ለክረምት፣ የሚጎድለውም ለበጋ ነው፤ ለዐይን አይታወቅም። እዚህ እራት ሳልበላ ቦዩ ዳር ከተቀመጥሁበት የድንጋይ ደረጃ በታች አልጌ የለበሱ ሦስት እርከኖች ይታዩ ነበር፤ በልቼ ስመለስ አንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጀልባዎቹም ከፍ ብለው ገመዳቸው ላልቶ ነበር። ባሕሩ ከመጠን በላይ በሚያብጥበት ጊዜ ላጉኑ ወደ ባሕር የሚከፈትባቸው ሦስቱ በሮች ከ2020 ጀምሮ ከወለል በሚነሡ የብረት መዝጊያዎች ይዘጋሉ፤ አንደኛው በር እዚሁ ኪዮጃ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ያለውን የሶቶማሪና የባሕር ዳርቻ ግን በጥቅምት ብርድ አየት አድርጌው ተመለስሁ።

ማክሰኞ ማለዳ ገበያው ተከፈተ። በ1322 የተሠራውን የእህል ጎተራ ሕንፃ አልፌ ስገባ ሰርዲኑ፣ ካላማሪው፣ ገና የሚፈራገጠው ሸርጣን በበረዶ ላይ ተደርድሮ ነበር። ቀረሶና አምባዛ ለይቼ ላደግሁት ለእኔ የግማሹ ስም እንኳ አይታወቀኝም። አንዲት አሮጊት ሻጭ በአንድ ሣህን ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሸርጣኖች አሳዩኝ፤ ስማቸው ሞኤኬ ነው። አሮጌ ቅርፊታቸውን ጥለው አዲሱ ሳይጠነክር ስለሚያዙ እንዳሉ ተጠብሰው ይበላሉ። አጥማጁ በየዕለቱ እየፈተሸ ቅርፊቱን ሊጥል የተቃረበውን ይለያል፤ ቅርፊቱ እንደ ወደቀም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውሃ ካላወጣው አዲሱ ይጠነክርበታል። ሴትዮዋ አንዱን አንሥተው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እንደ እርጥብ ቆዳ ገባ አለ።

ከጎን ባለው ሣጥን ግን እጅ የሚያህሉ ሰማያዊ ሸርጣኖች ነበሩ። ከአሜሪካ ባሕር የመጡ ናቸው፤ ከ2023 በጋ ወዲህም የአካባቢውን የቮንጎሌ (ባለ ዛጎል ትንሽ የባሕር እንስሳ) እርባታ ክፉኛ ጎድተዋል። ሴትዮዋ እንኳን ሊያደንቋቸው ሊያዩአቸውም አልፈለጉም፤ «እንግዲህ እንብላቸው እንጂ ምን እናድርግ» አሉ።

እኔ ግማሽ ኪሎ ሰርዲን ገዛሁ። ሴትዮዋም እንደ አገሩ ልማድ ጠብሼ፣ ብዙ ሽንኩርት በኮምጣጤ አብስዬ በላዩ እንዳፈስስበት አዘዙኝና ጣታቸውን ቀስረው፣ «ልጄ፣ እስከ ሐሙስ እንዳትነኪው» አሉኝ። ነገ ረቡዕ ነው፤ ባይከለክሉኝም አልነካውም ነበር።