ከዲትኮ ገጾች ጋር 2 ወር

ኮሚክ መሳል ከጀመርኩ 7 ወር ሞላኝ። ያለፉትን 2 ወራት እያየሁ በመሳል የገለበጥኩት የአንድ ሰው ስራ ብቻ ነው፤ የስቲቭ ዲትኮን። እ.ኤ.አ. በ1962 ከጸሐፊው ስታን ሊ ጋር ስፓይደርማንን የፈጠረው ሰዓሊ ነው። ዶክተር ስትሬንጅ የሚባለው አስማተኛ ጀግናም ከእሱ እጅ የወጣ ነው።

በእጆች ጀመርኩ። ስፓይደርማን ድሩን ሲለቅ መሐል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ወደ መዳፉ ይታጠፋሉ፤ ሌባ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተዘርግተው ይቀራሉ። ሲያዩት ቀላል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሳልኩት እጅ ጓንት ይመስል ነበር፤ አጥንት የለውም። ግራ እጄን መስታወት ፊት እያጣጠፍኩ ደጋግሜ ስስል የገባኝ፣ ዲትኮ የሚጀምረው ከጣት ሳይሆን ከእጅ አንጓ መሆኑን ነው። አንጓው ከተጣመመ ጣቶቹ ራሳቸው ይከተላሉ።

ሰውየውን የወደድኩት ግን በእጆቹ ብቻ አይደለም። በ1966፣ ስፓይደርማን ተወዳጅ በሆነበት ሰዓት፣ 38 እትሞችን ስሎ የኮሚክ አሳታሚውን ማርቭልን ለቀቀ። ከዓመታት በኋላ ወደ ድርጅቱ ሲመለስ እንኳ ስፓይደርማንን አልሳለም። ቃለ መጠይቅም አይሰጥም ነበር። አንባቢ የሚገባው ስዕሉ እንጂ የሰዓሊው ማንነት አይደለም ብሎ ያምን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ90 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም ከዚህ አቋሙ ፈቀቅ አላለም። እንዲህ ያመነበትን የሚኖር ሰው ሳይ ልቤ ይነካል።

እምነቱ በአብዛኛው አይን ራንድ ከምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ፍልስፍና የመጣ ነው። በ1967 ሚስተር ኤ የሚባል ገጸ ባህሪ ፈጠረ፤ ነጭ ሱፍ፣ ነጭ ባርኔጣ፣ የብረት ጭንብል። የሚሰጠው ካርድ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። በክፉና በደግ መካከል ምንም የለም ማለቱ ነው። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሰው ተሳስቶ ይመለሳል፣ ፈርቶ ይደፍራል ብዬ አምናለሁ።

ቢሆንም ገጾቹን ገለበጥኳቸው፤ አንድ ነገርም አስተዋልኩ። ሚስተር ኤ ብዙ ያወራል። ፓነሉን፣ ማለትም ገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የስዕል ሳጥን፣ ግማሽ በግማሽ ጽሑፍ ይሞላዋል፤ ሰውየው ቆሞ ያስተምራል። ከዚያ ወደ ስፓይደርማን 33ኛ እትም ተመለስኩ። ስፓይደርማን ከባድ ማሽን ወድቆበታል። ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል። የታመመችውን አክስቱን የሚያድነው መድኃኒት ፊት ለፊቱ ነው፤ እጁ ግን አይደርስበትም። ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፤ በመጨረሻ አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ማሽኑን ከላዩ ያነሳዋል።

ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኜ አየሁት። ምንም አልጎደለም። ዲትኮ ሰው በራሱ ፈቃድና ጥረት ይቆማል ብሎ ያምን ነበር፤ እዚህ ጋ እምነቱ ጀርባና ትከሻ ሆኗል። ለእኔ ከሚስተር ኤ ንግግር ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እናም የራሴን ባለ 4 ገጽ ታሪክ አወጣሁት። አንድ ተማሪ በስህተት የተጨመረለትን ማርክ ለመምህሩ ሊናገር ይሄዳል። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጁ ስለ ሐቀኝነት 3 ፓነል ሙሉ ያወራ ነበር። ሦስቱንም ሰረዝኳቸው። አሁን 3ኛው ገጽ ላይ ቃል የለም፤ የፈተናው ወረቀት፣ የተዘጋው በር፣ ለማንኳኳት የተነሳ እጅ፣ የወረደ እጅ፣ እንደገና የተነሳ እጅ። ልክ እንደ ዲትኮ ገጹን ለ9 እኩል ፓነሎች ከፈልኩት፤ ጊዜው እንዲጎተት በጣም ረዳኝ።

ያልተሳካልኝ የወረደው እጅ ነው። በእርሳስ ስሰራው ማመንታት ይታይበታል፣ በቀለም ሳወጣው ግን የደከመ ሰው እጅ ይሆንብኛል። መስመሩን ስለማወፍረው ይመስለኛል። በዚህ ሳምንት ያንን አንድ ፓነል ብቻ በቀጭን ብዕር 20 ጊዜ ልሰራው ነው። ማመንታትን በእጅ ብቻ ስላችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከአንጓው ነው ወይስ ከጣቶቹ የጀመራችሁት?