ጎረቤታችን አገር አደርን

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። ከግድግዳችን ማዶ የሸማኔ ቤት ነበር። ልጅ ሆኜ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመወርወሪያው ድምፅ ነው። ያ ድምፅ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ጸጥ ይላል። ጎረቤታችን ለመስቀል አገሩ ገብቷል ማለት ነው። እሱ ብቻም አይደለም። የሰፈሩ ሸማኔ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጋሞ ይነጉዳል። እናቴ ሁልጊዜ፣ "እዚያ ምን ቢኖር ነው እንዲህ የሚሮጡት?" ትል ነበር። በ2015 ጥቅምት ላይ ይዣት ሄድኩ።

የአውቶቡሱን ቀን እዘለዋለሁ። አርባ ምንጭ አደርንና ረቡዕ ከሰዓት ጋሞ ተራራ ላይ ወዳለው ዶርዜ የሚወስደን መኪና ፈለግን። እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። አንድ ሹፌር 2,500 ብር ጠራብን። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "ዳገት ነው እኮ" አለ። ዳገት መሆኑን አጥተነው አይደለም። ግን እንግዳ መሆናችንን አይቶ፣ ያውም አሮጊት እናት ይዤ እያየ፣ እንዲህ ማለቱ አንገበገበኝ። መናኸሪያ ሄደን በሕዝብ መኪና ተሳፈርን። ለሁለታችን 200 ብር እንኳ አልሞላም። ከፊት ወንበር አንድ ወጣት ሳንጠይቀው ተነስቶ እናቴን አስቀመጣት። ንዴቴን ያበረደልኝ እሱ ነው።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ትሞቃለች። ዶርዜ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። በመስኮት ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። ዓባያ ቀላ ይላል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። በመሃላቸው ያለችውን ቀጭን መሬት "የእግዜር ድልድይ" ይሏታል። እናቴ አየቻትና አማተበች። ትንሽ ቆይቶ ጉም መጣና ሁሉንም ሸፈነው።

ያደርንበት ማረፊያ የአንድ ቤተሰብ ነው። ግቢው ውስጥ ለእንግዳ የተሠሩ የቀርከሃ ጎጆዎች አሉ። እራትና ቁርስ ጨምሮ በሰው 700 ብር ከፈልን። የዶርዜን ቤት በፎቶ አይቼዋለሁ። ሥሩ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። የዝሆን ፊት ይመስላል። መግቢያው እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ብሏል፤ ከላዩ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ዓይን ናቸው። ሙሉ ቤቱ እንደ ሙዳይ የተሰፋ ነው፤ ሚስማር የለበትም። የባለቤቶቹ ልጅ አስጎበኘችን። ቤቱ ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፣ ቤቱ በዚያው ልክ ያጥራል። እንዲህ እያጠረ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን ብድግ አድርጎ ይወስደዋል። እናቴ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችና፣ "ይሄ ቤት ይተነፍሳል" አለች። የእኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ክረምት ከበጋ እንደሚያልበው አሰብኩ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ።

ቆጮ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ገብቶ ቆጮ ያልበላ ማን አለ? ግን እዚያ ቆጮ አጃቢ ነው። ይደርቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግማሹ ሳይበላ ይነሳል። ዶርዜ ላይ ዋናው ራሱ ነው። የቤቱ እመቤት ጓሮ ወስዳ ከእንሰቱ ጀምራ አሳየችን። ግንዱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፋ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። ነጩ ነገር ይወርዳል። ያ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል። የበሰለውን አወጣች፤ ጨመቀችው፣ ቃጫውን በቢላ ከተከተችው፣ በእጇ ጠፍጠፍ አደረገችው። ከዚያ በቅጠል ሸፍና ምጣድ ላይ ጣለችው። ቅጠሉ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ረቡዕ ስለሆነ እናቴ ጾመኛ ናት። እኔ ምን ትበላ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር። ለካ ጭንቀቴ በከንቱ ነው። ትኩሱ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀረበ። አንዱን ጉርሻ ማር፣ ቀጣዩን ዳጣ። ዳጣው በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብሮ የተወቀጠበት ነው፤ ያቃጥላል ግን አይገድልም። ማሩ ደግሞ ያስታግሰዋል። ጎመንና ድንችም ነበር፤ ማን ያየዋል! እናቴ ቤት ውስጥ ሁለት ጉርሻ በልታ "ጠገብኩ" የምትል ሰው ናት። እዚያ ሦስት ቂጣ ቆጮ ስትጨርስ ቆጠርኩ። እመቤቲቱ፣ "እማማ፣ ይጨመርልዎ?" ስትላት እምቢ አላለችም።

ከእራት በኋላ እሳቱ ዙሪያ ተቀመጥን። የቤቱ አባት ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። እናቴ በቴሌቪዥን ያየችውን አነሳችባቸው። በ2011 መስከረም ቡራዩ ላይ ብዙ የጋሞ ሰው ተገድሎ ነበር። አርባ ምንጭ ያሉ ወጣቶች ለመበቀል ሲነሱ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። "እኔ ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ" አለቻቸው። ሽማግሌው እሳቱን ቆሰቆሱ። "ሣር ከተያዘ አይታለፍም" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። መብራት ጠፋ። ጎን ያለው ጎጆ ያረፉ ሰዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው መጥተው እስከ እኩለ ሌሊት አስጨፈሩት። እንዲህ ያለ ጸጥታ ያለበት አገር ድረስ መጥቶ የአዲስ አበባን ጫጫታ መክፈት አይገባኝም። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። እናቴን ሁለት ጊዜ በስልክ መብራት ደግፌ ወሰድኳት፤ ሣሩ በጤዛ ረጥቦ ያንሸራትታል። ከሁሉ የባሰው ብርዱ ነው። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ለማን ልንገር ብዬ ስጨነቅ በሩ ተንኳኳ። እመቤቲቱ ናት። መብራታችንን አይታ ነው የመጣችው። በትከሻዋ ቡልኮ ይዛለች። የራሷ አልጋ ልብስ መሆኑን ያወቅሁት ጠዋት ነው። እናቴ ላይ አልብሳ፣ እግሯ ድረስ ጠቅጥቃ፣ "ይተኙ እማማ" ብላት ሄደች። ቡልኮው ከባድ ነው፣ በላብና በጭስ የሞቀ የሰው ቤት ይሸታል። እናቴ ወዲያው ተኛች።

ጠዋት ቡልኮውን ስትመልስ አገላብጣ አየችው። እዚያው ቤት ነው የተሸመነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሐሙስ ስለነበር ገበያው ቆሟል፤ ሰኞና ሐሙስ ነው የሚቆመው። የጨንቻ አፕል ገዛን፤ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ዋጋ ግማሹ ነበር። ለእመቤቲቱ ገንዘብ ብንሰጣት አልቀበልም አለች። እንዲያውም በጠርሙስ ዳጣ ሞልታ ሰጠችን። እናቴ በተራዋ የለበሰችውን ነጠላ አውልቃ ሰጠቻት። ያን ነጠላ የሠራላት ጎረቤታችን ነው።

አዲስ አበባ ስንገባ ከሻንጣው በፊት ዳጣው ጎረቤት ቤት ገባ። ጎረቤታችን አሁን አርጅቷል፤ ከሸማ ጉድጓዱም ከወጣ ቆይቷል። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ። በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"ጉሙ ወርዶ ነበር?" አለ።

"ወርዶ ነበር ጋሼ" አልኩት።

እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ቡልኮው ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።