ኤርፎኔን ከአይፖዴ ጋር ለማገናኘት ሁለት ጊዜ ከፈልኩ

ይህንን የምጽፈው አንድ ሰው እንኳ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ቢያነበው ብዬ ነው። እኔን የነገረኝ አልነበረም።

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የሰጠኝ አይፖድ ክላሲክ የሚባል ዘፈን ማጫወቻ አለኝ፣ ባለ 160 ጊጋ። አፕል ይህን ዕቃ መሸጥ ያቆመው እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነው፤ የኔው ግን እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። ውስጡ ከካሴት አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ያስገባኋቸው የድሮ ዘፈኖች አሉ። ግማሾቹን ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። ሰዎች «ለምን በስልክህ አታዳምጥም?» ይሉኛል። በስልክ ትዝታ ማዳመጥ ማለት እኮ ክራሩ ልብህን ሊበላህ ሲል ቴሌግራም ጢው ማለት ነው። ይቅርብኝ።

ባለ ገመዱ ኤርፎኔ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከታክሲ ስወርድ የአንድ ሰው ቦርሳ ይዞት ቀረ። ተበጠሰ። ለስልኬ የገዛሁት ብሉቱዝ ኤርፎን ቤት ስላለ «ይሄንኑ ከአይፖዱ ጋር አገናኘዋለሁ» አልኩ። አይፖድ ክላሲክ ብሉቱዝ የለውም፤ ይህንን አውቃለሁ። ኤርፎን መሰኪያው ላይ ተሰክታ ድምፁን በብሉቱዝ የምትልክ ትንሽ ዕቃ እንዳለችም ሰምቻለሁ። እሷን መግዛት ብቻ ነው የቀረኝ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሁት።

ስታዲየም አካባቢ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ገባሁና «ኤርፎን መሰኪያ ላይ የምትሰካ ብሉቱዝ አለች?» አልኩ። ጥፋቱ የጀመረው ከጥያቄዬ ነው። ሻጩ «ሞልቷል ወንድሜ» ብሎ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ አወጣልኝ። ደግሞም ሞክሮ አሳየኝ። በራሱ ስልክ ብሉቱዝ አገናኛት፣ ባለ ገመድ ኤርፎን ሰካባት፣ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ዘፈን! «ይኸው፣ ጥርት ያለ!» አለኝ። እውነትም ጥርት ያለ ነበር። አይፖዱ ኪሴ ውስጥ ነው። አውጥቼ «እስቲ በዚህ ሞክርልኝ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላልኩም። ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲጠብቀኝ መቸኮል የሚባል በሽታ አለብኝ። ዋጋዋ 800 ብር ነው፤ «ደረሰኝ ካልፈለግክ በ700 ውሰድ» አለኝ። ወሰድኩ። 100 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማታ አባከንኩ። አይፖዱ ላይ ሰካኋት፣ ቁልፏን ተጭኜ ያዝኩ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ታብለጨልጭ ጀመር። ኤርፎኑንም ተጭኜ ያዝኩ፣ እሱም ቀይና ሰማያዊ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸዋለሁ። በር ላይ ተገናኝተው «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ግባ» ሲባባሉ ያመሹ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ። አንዳቸውም አልገቡም። ቻርጁ አንሶ ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሞላሁ። ኤርፎኑን እንደ አዲስ አጠፋሁት፣ አበራሁት። በሁለተኛው ማታ አይፖዱን ራሱን ጠረጠርኩ፤ ምስኪን፣ ያን ሁሉ ዓመት አገልግሎኝ። ካርቶኗ ግን ሦስቱንም ማታ እዚያው ፊት ለፊቴ ነበር። አላነበብኩትም።

በአራተኛው ቀን ይዣት ተመለስኩ። ሻጩ «ሠርታልህ አይደል እንዴ የሄድከው?» አለኝ። ሠርታለች፣ ምን ልበል። «ከአይፖድ ጋር አትሠራም» ስለው አይፖዱን አገላብጦ አየና «ይሄ እኮ ያረጀ ዕቃ ነው፣ ችግሩ የሱ ነው» አለ። ደሜ ፈላ። ከራሱ በላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመኝ። ትንሽ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እሺ ደረሰኝህን አምጣ» አለኝ፣ እንደሌለኝ እያወቀ። ይህችን ፈገግታውን እስካሁን አልረሳኋትም።

በር ላይ ቆሜ ስብከነከን አንድ ሱቅ በደረቴ ልጅ፣ ቻርጀርና ኤርፎን ደረቱ ላይ የደረደረ፣ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። ጋሼ መባሉን ዋጥ አድርጌ አሳየሁት። ሳይነካት ነው የመለሰልኝ። «ይቺ ተቀባይ ናት ጋሼ። ከስልክ ትቀበላለች እንጂ አትልክም። ኤርፎንዎም ተቀባይ ነው። ማን ይላክላቸው?» ካርቶኑን ገልብጬ ሳየው በእንግሊዝኛ «ሪሲቨር» ይላል። በትልቁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ገበያው ላይ ሁለቱም «ብሉቱዝ» ተብለው ነው የሚሸጡት። ተቀባይዋ ለመኪናና ለድሮ ቴፕ ናት። ብሉቱዝ ለሌለው ማጫወቻ የምታስፈልገው ላኪዋ ናት፣ «ትራንስሚተር» የምትባለው። «ቲ ኤክስ» ተብሎ ከተጻፈባት ላኪ፣ «አር ኤክስ» ከሆነ ተቀባይ። ሁለቱም የተጻፈባትና በማብሪያ የምትቀያየርም አለች፤ እኔ ብሆን እሷን ነው የምገዛው። በ1,200 ብርም የገዛኋት እሷን ነው፣ ሌላ ቤት፣ በደረሰኝ፣ አይፖዴና ኤርፎኔ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተገናኝተው ሲዘፍኑ ሰምቼ።

ማገናኘቱ ራሱ ሁለት ደቂቃ ነው። ማብሪያዋን «ቲ ኤክስ» ላይ አድርግ፣ ሁለቱንም መብራታቸው እስኪያብለጨልጭ ተጭነህ ያዝ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥ፣ ጠብቅ። ግን መጀመሪያ የስልክህን ብሉቱዝ አጥፋ። መመሪያው ይህን አይልም፤ እኔ እላለሁ። ኤርፎኑ የለመደው ስልክህን ነው፣ ገና ሲበራ ወደሱ ይሮጣል። ላኪዋ ደግሞ ስክሪን ስለሌላት መምረጥ አታውቅም፣ መጀመሪያ ካገኘችው ጋር ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ እንደ አዲስ ሳገናኛት ጆሮዬ ጭጭ አለ፤ ትዝታዬ ከግድግዳው ማዶ በጎረቤቴ ስፒከር ይንቆረቆራል። ሮጬ ነቀልኳት።

ኤርፎኑም ማንኛውም አይሆንም። ባለ አንድ ጆሮው፣ ሹፌሮች ለማውራት የሚሰኩት የድሮው ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ የጥሪ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሙዚቃ የሚያልፍበት የብሉቱዝ መንገድ «ኤ2ዲፒ» ይባላል፤ ካርቶኑ ላይ እሱን ፈልጉ። የወንድሜን ባለ አንድ ጆሮ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ድንጋይ ዝም።

መመሪያው «እስከ 10 ሜትር» ይላል። እኔ ግን አይፖዱን የኋላ ኪሴ ከከተትኩት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወጣ ይቆራረጥብኛል፣ ገላችን ራሱ ሞገዱን ይውጠዋልና። ደረት ኪስ ይሻላል። ዘፈን ማሳለፊያው ቁልፍም ከኤርፎኑ ላይ አይሠራም፤ ላኪዋ ድምፅ ብቻ ነው የምትልከው፣ ትእዛዝ ወደ አይፖዱ አትመልስም። አይፖዱን እያወጣሁ ፊቱ ላይ ያለችውን ክብ መቆጣጠሪያ፣ ጎማዋን፣ አሽከረክራለሁ። ለነገሩ ያቺን ጎማ እወዳታለሁ።

ተቀባይዋ አሁን እናቴ ቤት ቴፑ ላይ ተሰክታለች። እማዬ ከስልኳ መዝሙር እየላከች ታዳምጥባታለች፣ «ምን ያለች ግሩም ዕቃ ናት ያመጣህልኝ» እያለች ትመርቀኛለች። ለሷ ብዬ እንዳልገዛኋት አልነገርኳትም።