ድሬዳዋንና ሐረርን በአንድ ምስል ስሰፋ

የመሬት አጠቃቀም ለሚያጠና ቡድን፣ ከድሬዳዋ ሜዳ ተነሥቶ የደንገጎን አቀበት በመውጣት ሐረርን አልፎ እስከ ባቢሌ የሚዘልቅ አንድ ወጥ የሳተላይት ምስል እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ በሁለት ቀን እንደማደርሰው ቃል ገብቼ ነበር፤ የፈጀብኝ ግን ሦስት ሳምንት ነው። የመረጥኋቸው የአውሮፓ ኅዋ ኤጀንሲን የሴንቲኔል-2 ምስሎች ሲሆን እነዚህ በነፃ ይገኛሉ። በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ፣ በቀይና በቅርብ ኢንፍራሬድ ባንዶቻቸው (የብርሃን ክፍሎቻቸው) እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ነጥብ፣ በየጎኑ 10 ሜትር የሆነ መሬት ይወክላል። የሚቀርቡትም ጎናቸው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ቁራጭ ተከፋፍለው ነው፤ አጎራባቾቹ ቁራጮች በየጠርዛቸው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚደራረቡ ሥራው ማጣበቅ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው እንቅፋት የመጣው ከራሱ ከቦታው አቀማመጥ ነው። ዩቲኤም የተባለው የካርታ ሥርዓት ምድርን በኬንትሮስ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ዞን የራሱን የሜትር ልኬት ይሰጣል፤ 37ኛውንና 38ኛውን ዞን የሚለየው 42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ በድሬዳዋና በሐረር መካከል፣ በሐሮማያ አጠገብ ያልፋል። በዚህም ምክንያት በአንድ ረፋድ ደርሶ መልስ የሚኬድባቸው ሁለት ከተሞች በሁለት የተለያዩ ዞኖች ተመዝግበዋል። ይህን ሳላስተውል ፋይሎቹን በሙሉ ጂዳል ለተባለው የካርታ ሶፍትዌር የማዋሐጃ ትእዛዝ ሰጠሁት። ትእዛዙ ዞናቸውን ሳይመረምር ቦታቸውን በሚናገሩት የሜትር ቁጥሮች ብቻ ስለደረደራቸው ሐረር ከድሬዳዋ 630 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዛ፣ ከነቀምት ማዶ፣ ወለጋ ውስጥ አረፈች። ይህን ያህል የገነነ ስሕተት በመሆኑ ዕድለኛ ነበርሁ፤ ጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳላየው አልፍ ነበር። ቪአርቲ የተባለውን ምናባዊ ሞዛይክ (ቁራጮቹን ሳይገለብጥ እንደ አንድ የተሰፋ ምስል የሚያሳየውን ፋይል) የሚሠራው የጂዳል ትእዛዝ ግን ዞኑ ያልገጠመውን ፋይል በማስጠንቀቂያ ስለሚዘለው ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ሁሉ በእርሱ መጀመር ልማዴ ሆኗል።

ሁሉንም ወደ 37ኛው ዞን ለማምጣት ወሰንሁ። በዚህ አካባቢ የሁለቱ ዞኖች የፒክስል መረብ አንዱ ከሌላው አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ፒክስሎቹ እንደ አዲስ መሰላት አለባቸው፤ እያንዳንዱ ስሌት ደግሞ ምስሉን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ጊዜ ዞን ስቀይር፣ ሌላ ጊዜ መረቡን ሳስተካክል ሁለቴ አስልቼው የጁገል ዳርቻ እንደ ታጠበ ቀለም ሆኖብኝ ስለነበር፣ በሁለተኛው ዞኑንም የ10 ሜትሩንም መረብ በአንድ ትእዛዝ ጨረስሁ። ለብርሃን ቁጥሮቹ አዲሱን ቁጥር ከአጎራባች ፒክስሎች አማክሎ የሚያሰላውን፣ ኪዩቢክ የተባለውን ዘዴ ተጠቀምሁ። ደመናውን ለሚለየው ንብርብርም ይህንኑ መጠቀሜ ግን ጉድ አመጣብኝ፤ በዚያ ንብርብር 3 የደመና ጥላ፣ 9 ደመና ማለት ሲሆን የሁለቱ አማካይ 6 ነው፣ 6 ደግሞ ውሃ። ሶፍትዌሩ በየደመናው ዳርቻ የሌለ ኩሬ ፈጥሮልኝ አገኘሁት። እንዲህ ላለው የምድብ ቁጥር የቅርቡን ፒክስል እንዳለ መውሰድ እንጂ ማማከል አይገባም።

ብዙ ቀን የወሰደብኝ ቀለሙ ነው። በእጄ የነበሩት ከደመና የጠሩ ምስሎች የምዕራቡ በጥቅምት፣ የምሥራቁ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተነሡ ነበሩ። ስፌቱ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ስለታየኝ ኦርፌዮ ቱልቦክስ ወደተባለው የሳተላይት ምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር ሄጄ፣ በመደራረቢያው ያሉትን ቁጥሮች አነጻጽሮ ምስሎቹን የሚያቀራርበውን ዘዴ አዘዝሁት። በጎርፍ የመጣው ነጭ አሸዋ ወዲያው ገጠመ፤ በጥላ ያሉት ገደሎች ግን በአንዱ ምስል ጥቁር፣ በሌላው ጉም የለበሱ ሆነው ቀሩ። ዘዴው እያንዳንዱን ባንድ በአንድ አባዢ ቁጥር ብቻ ስለሚያባዛ፣ ችግሩ የማባዛት ሳይሆን የመደመር መሆኑን የነገረኝ ይኸው ልዩነት ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት በፋይሎቹ የመግለጫ ሰነድ ውስጥ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022፣ በእኛ ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የምስሎቹ አዘገጃጀት ስለተለወጠ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1000 ተደምሯል። የጥቅምቱ ምስሌ ከለውጡ በፊት፣ የየካቲቱ ከለውጡ በኋላ ነበር። ከየካቲቱ 1000 ስቀንስ ጉሙ በአንድ ጊዜ ገፈፈ። አራት ቀን ሙሉ ቀለም ሳስተካክል የከረምሁት አንድ መቀነስ አጥቼ ነው፤ አሁን ሰነዱን ሳላነብ ምስል አልከፍትም።

ይሁንና የቀረ ልዩነት ነበር፤ የሐሮማያ ሜዳ በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው ቡናማ ነበር። እርሱንም በቀለም ማቀራረቢያው አጠፋሁትና ስፌቱ የማይታይ፣ ለዓይን የሚያምር ሞዛይክ ይዤ አካባቢውን ለረጅም ጊዜ ለሚያውቁ አንድ የግብርና ባለሙያ አሳየኋቸው። ጥቂት ተመለከቱና፣

«ይህ ማሳ የማን ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የገበሬዎች ማሽላ ይመስለኛል፤ ምሥራቃዊው ክፍል በየካቲት የተነሣ ነው» አልኋቸው።

«በየካቲት እዚህ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ጫት ነው፤ ማሽላውማ ታጭዶ አገዳው እንኳ ለከብት ተሰጥቷል» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። በሳተላይቱ ወይም በአየሩ የመጣ ልዩነት መታረም አለበት፤ መሬቱ ራሱ ያመጣውን ልዩነት ማጥፋት ግን ምስሉን ማስዋሸት ነው፤ ለመሬት አጠቃቀም ጥናት ደግሞ ጫትንና የታጨደ ማሽላን ከማደባለቅ የከፋ ውሸት የለም። ስለዚህ ማቀራረቢያውን ያሰላሁት እንደ አዲስ፣ በሁለቱም ወር በማይለወጡ ነገሮች ላይ ብቻ ተመሥርቼ ነው፤ አስፋልት፣ ባዶ አለትና ደረቅ ወንዝ ይበቁኝ ነበር። የሰሜኑን ገደል ግን ማስተካከል አልተቻለኝም። ሳተላይቱ በረፋድ ያልፋል፣ በየካቲት መጀመሪያ ፀሐይዋ አሁንም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ድሬዳዋ የተመለከተው ቁልቁለት ጥላ ይውጠዋል።

ስፌቱን ቀጥ ባለ መስመር ከማሳለፍ ይልቅ በእጄ ሣልሁት፤ በቆላው ደረቅ ወንዞችን፣ ላይ ስደርስ የመንገዱን ዳር ተከተልሁ፣ ዓይን በእነዚህ ቦታዎች የቀለም ለውጥን ስለሚጠብቅ ነው። ጠርዙን ቀስ በቀስ የማደባለቁን ስፋት በሜዳው ላይ ጥቂት ሰጠሁት፤ ቤቶች ባሉበት ግን ጨርሶ ከለከልሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ምስሎች ለአንድ ፒክስል ያህል ቢዛነፉ እንኳ መንገዱ መንታ ሆኖ ይታያል። ዜሮ የሆኑት ባዶ ፒክስሎች «መረጃ የለም» ተብለው ካልተነገሩም ጥቁር ክፈፍ ይተዋሉ። ስለ መጠኑ ካነሣሁ፣ አራት ባንድ ያለው አንድ ቁራጭ ሳይታመቅ 960 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አምስት ሲሆኑ ተራው የቲፍ ፋይል ከሚችለው 4 ጊጋባይት ያልፋል። ከዚያ የሚበልጠውን በሚይዘው በቢግቲፍ እንዲሆን አለማዘዜ የአንድ ሌሊት ሥራ አቋርጦብኛል። ሌሊት የምሠራው ደግሞ የድሬዳዋ ቀትር ለላፕቶፔ ስለማይመቸው ነው።

ምስሉን ሳስረክብ እያንዳንዱ ፒክስል በየትኛው ቀን እንደተነሣ የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ንብርብር አብሬ ሰጠሁ። በሐሮማያ ሜዳ ላይ አረንጓዴውን ከቡናማው የሚለየው መስመር አሁንም ይታያል። አንዱ የቡድኑ አባል ለምን እንዳላጠፋሁት ጠየቀኝ፤ እኔም ያንን ንብርብር ከፍቼ በአንዱ ወገን ጥቅምትን፣ በሌላው የካቲትን አሳየሁት።