ቮልሷን ዝቅ ላድርግ ብዬ ያየሁት አበሳ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የሞዴል መኪና ኪት (ክፍሎቹ ተበታትነው የሚመጡ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና) የምትገጣጥሙ ሆናችሁ "ትንሽ ከፍ አለችብኝ፣ ዝቅ ባደርጋት" ካሰኛችሁ፣ መቁረጫውን አስቀምጡና መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። መቁረጡ ቀላል ነው። መልሶ ማስያዙ ነው ነፍስ የሚያወጣው።

የእኔ ኪት ቮልስ ናት። በፈረንጆች የ1966 ሞዴል፣ 1300ዋ፣ በ1/24 መጠን። አዲስ አበባ ያደገን ሰው ለምን ቮልስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሂሳቧም ደስ ይላል። የእውነተኛዋ ቮልስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2400 ሚሊ ሜትር ነው። ለ24 ስታካፍሉት ልክ 100 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ተራ ማስመሪያ ይበቃችኋል ማለት ነው። ኪቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማውረድ እውነተኛዋን 24 ሚሊ ሜትር እንደማውረድ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና 5 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል። 12 ሴንቲ ሜትር አወረዳት ማለት እኮ ነው! ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምን ቀረው? እኔ ከፊት 2.5፣ ከኋላ 2 ሚሊ ሜትር ወስኜ ጀመርኩ። ከዚያ በላይ አልመክርም።

ኪቱን ከውጭ ያመጣችልኝ አክስቴ ናት። ኮላውን ግን እዚያው አስቀሯት። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቀጭኑ የታሚያ ኩባንያ የኪት ኮላ ነበር፣ 40 ሚሊ ሊትሩ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ እሱስ ልክ ነው። እኔን ያበሸቀኝ እዚህ ሻንጣዋን የፈተሸው ሰውዬ ነው። የታሸጉትን ላስቲኮች አንድ በአንድ ቀደዳቸው። "ምንድነው ይሄ?" አላት። "መጫወቻ ነው፣ የወንድሜ ልጅ ነው ያዘዘኝ" ስትለው "መጫወቻ ከሆነ ለምን አልተገጣጠመም?" ብሎ አፋጠጣት። አክስቴ ደግሞ ስለ ኪት ምን ታውቃለች? የመኪና መለዋወጫ ነው ሊባል ትንሽ ነበር የቀረው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ለቀቃት፤ ክፍሎቹ ግን ተደበላልቀው ነው የደረሱኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል።

ጎረቤታችን ጋሼ የድሮ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ሳሳያቸው ሳቁብኝ። "ሰው በአዲስ አበባ መንገድ ተማሮ መኪናውን ከፍ ያስደርጋል፣ አንተ ደግሞ ታወርዳለህ?" አሉኝ። ግን ቁጭ ብለው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። መመሪያው ወረቀት ላይ የሌለውን ሁሉ ከእሳቸው ነው ያገኘሁት።

ቮልስ የምናውቀው ዓይነት ጥቅልል ሞላ የላትም። ክብደቷን የሚሸከመው ቶርሽን ባር ነው፤ ሲጠመዘዝ የሚመልስ ብረት። የኋላው ባር ሁለቱም ጫፍ ላይ ጥርስ አለው፤ በውስጥ በኩል 40፣ በውጭ በኩል 44። ዝቅ ማድረግ የፈለገ መካኒክ ውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን፣ ውጩን በአንድ ጥርስ ወደ ሌላው ያዞረዋል። የሁለቱ ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። በዚህ ዘዴ በጣም ትንሽ በትንሽ ማውረድ ይቻላል። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ እጃቸው አብሮ ይዞራል።

ለእኛ ሥራ ዋናው ግን ቀጥሎ ያሉኝ ነው። የፊት ጎማዋ ወደ ላይ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የኋላው ግን ከካምቢዮው ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ፣ መኪናዋ ዝቅ ስትል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ስለዚህ አራቱንም ጎማ እኩል ቀጥ አድርጎ ያወረደ ሰው ቮልስ አልሠራም። ሌላ መኪና ነው የሠራው። ኢንተርኔት ላይ ከማያቸው ዝቅ ያሉ የቮልስ ኪቶች ግማሾቹ እንዲህ ናቸው፤ ሳያቸው ያመኛል።

የኋላው በአንድ ምሽት አለቀ። የአክሱሉን ቱቦ ካምቢዮው ጋ ከላይ በኩል በቀጭኑ ሸርፌ፣ ጫፉን ወደ ላይ አጠፍኩና ክፍተቱን በሱፐር ግሉ ዘጋሁት። ያዘ። ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ሱፐር ግሉ ነው፤ ባለሱቁ "ይሄ ድንጋይ ያጣብቃል" ብሎ ነው የሸጠልኝ። የኋላውን ሲይዝልኝ እኔም አመንኩት።

አሁን ወደ ፊት እንምጣ።

ፊት ለፊት ጎማው የሚሰካባት አጭር ዘንግ አለች፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትወፍር። ዘንጓን የያዘ ትንሽ ቋሚ ክፍል አለ። ሁሉም የሚመክረው አንድ ነው፤ ዘንጓን ከቋሚው ቁረጥ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርግ፣ በሱፐር ግሉ ለጥፍ፣ አለቀ። ዘንጓ ከፍ ስትል መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ሐሳቡ ትክክል ነው። ቆረጥኩ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ለካሁ፣ ለጠፍኩ፣ እስኪደርቅ አደርኩ። በማግስቱ ቸርኬውን ስገፋው ቀጭ!

ማንም ያልነገረኝ ይሄ ነው። በቸርኬው መሃል ለስላሳ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ጎማው እንዲሽከረከርም እንዳይወልቅም ዘንጓን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ለመሰካት ኃይል ይጠይቃል፤ ያ ኃይል በሙሉ የሚያርፈው ገና በተለጠፈችው ነጥብ ላይ ነው። ሱፐር ግሉ ቀጥ አድርገው ሲጎትቱት ጠንካራ ነው። ወደ ጎን ሲያጣምሙት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። የኋላው የያዘው ቱቦው ወፍራም ስለሆነና ማንም ስላላጣመመው ነው እንጂ ኮላው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ቀለበቱንስ ራሱን ለምን አንለጥፈውም እንዳትሉ። ፖሊኤትሊን ነው፤ የኪት ኮላም ሱፐር ግሉም አይዘውም።

ቀጥሎ ሶዳ ሞከርኩ። ዳቦ ላይ የሚገባው ቤኪንግ ሶዳ ሱፐር ግሉ ሲነካው በቅጽበት ይደርቃል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ይወፍራል። በዘንጓ ሥር ጉብታ ሠራና ጎማው ወደ ውጭ ወጣ፤ ፓራፋንጎውን ይነካ ጀመር። ጉብታውን በሞረድ ስቀንሰው እንደገና ተሰበረ። በዚህኛው ዙር ከቋሚው ፕላስቲክ ጭምር ገምሶ ነው የሄደው።

ያኔ ነው አንዱ ጓደኛዬ "ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ በብረት ያሠሩልሃል" ያለኝ። ይሄን ምክር ባልሰማ ኖሮ ብዙ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ቶርኖ ቤቱ መርካቶ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሰውዬው ሲያየኝ ገና ከደጅ ፈገግ አለ። "አንድ ሚሊ ብረት፣ ይቺን የምታክል" አልኩት። "ለሰዓት ነው?" አለኝ። "ለመኪና" አልኩት። የሠራተኞቹን ሳቅ ባትሰሙት ይሻላል። "ናሙናውን ተውልኝና ነገ ና" አለኝ። ተውኩለት። ነገ ስሄድ መብራት የለም። በሌላ ቀን ስሄድ የትልቅ መኪና ሥራ ይዟል፤ "ነገ ና፣ ያንተማ የአምስት ደቂቃ ነገር ናት" አለኝ። የአምስት ደቂቃ ነገር ከሆነች ለምን አምስት ደቂቃ አይሰጣትም?

በመጨረሻ ሲጠራኝ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ቋሚውን ክፍል ሞርሳ ላይ አስሮታል። ብረት የሚያስረው ትልቁ ሞርሳ! ያቺ የጥፍር ታህል ፕላስቲክ ተጨፍልቃ ወረቀት ሆናለች።

"ምን አደረግከው?"

"ፕላስቲክ መሆኑን መች ነገርከኝ?"

ፕላስቲክ መሆኑን! በእጁ ይዞት እኮ ነው የቆየው። ይባስ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት ቆርጦ አዘጋጅቷል። "ከዚህ የቀጠነ ቶርኖ ላይ አይሠራም" አለኝ። የማይሠራ ከሆነ የመጀመሪያ ቀን መንገር ነበረበት። ሂሳብም ጠየቀኝ። ተጨቃጨቅን፤ ግማሹን ከፍዬ ወጣሁ። ያ ግማሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቶርኖ ቤት ለትልቅ መኪና ይሁን፤ ለኪት ግን አትሂዱ። የግድ ከሆነም ናሙና ሳይሆን ልኩ የተጻፈበት ስዕል ስጡ።

መፍትሄው ፒያሳ ነው የተገኘው፣ ወርቅ ሰሪ ጋ። በ2016 ዓ.ም ከፊሉ ሲፈርስ ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል፤ ፈልጎ ማግኘቱ ትንሽ ያደክማል። ግን አስቡት። በከተማው ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀዳዳ ሲበሳ የሚውል ሌላ ማን አለ? ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፣ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀም። "ስንት ይሁን?" አለ። "0.8" አልኩት። ዘንጓን በጣቶቹ ይዞ መሃሏን በእጅ መሰርሰሪያ በሳት። በዚያው ውፍረት የናስ ሽቦ ቆርጦ ሰጠኝ። ከቶርኖው የበለጠ አስከፈለኝ፣ እኔም ሳልከራከር ከፈልኩ።

የተጨፈለቀውን ቋሚ ራሴ እንደገና ሠራሁት። የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ አትጣሉ። ራሱ ኪቱ የተሠራበት ያው ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጌ፣ በደህናው በኩል ያለውን ቋሚ እያየሁ ቀረጽኩት።

ኮላውን በተመለከተ መመሪያው "የእኛን ኮላ ብቻ ተጠቀሙ" ይላል። ይበል። እኔ ከሶማሌ ተራ በገዛሁት የመኪና ቀለም ቲነር ነው የሠራሁት፤ ናይትሮ የሚባለው። ሁለቱን ፕላስቲክ አጋጥማችሁ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን ብቻ ንኩት። ቲነሩ በራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ፕላስቲኩን አሟሙቶ እርስ በርስ ያዋህደዋል። አይለጥፍም፣ ይበይዳል ማለት ይቀላል። ሲበዛ ግን ክፍሉን ያቀልጠዋል፤ መጀመሪያ በቁራጭ ሞክሩ። መስኮት ክፈቱ፣ ሻማና ሲጋራ አርቁ። እናቴ ሽታውን አልወደደችውም፤ እሷም ልክ ናት። ቲነር ብረት ስለማይዝ፣ ዘንጓንና ቋሚውን በመሃል ለሚያያይዘው የናስ ሽቦ ግን መልሳችሁ ሱፐር ግሉ ተጠቀሙ። አሁን ኃይሉን የሚሸከመው ሽቦው ነው፤ የኮላው ሥራ ሽቦው እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። ቸርኬውን ገፋሁት፣ ገባ፣ ምንም አልሆነም። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት የመኪናዋን መስታወት ነጭ ስለሚያደርግ መስታወቶቹን ከምትሠሩበት ቤት አውጡ።

ከፍታውን ለማስተካከል ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ፈልጉ። የአንዱ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁሉም ባንክ አንድ ነው። መኪናዋ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንድትል እንደፈለጋችሁ ካርዶቹን ደራርቡና በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ከሆዷ ሥር አስገቡ። ከዚያ አራቱም ጎማ መስታወቱን እንዲነካ አድርጋችሁ ነው ዘንጎቹን የምታስይዙት። ይሄ ሁሉ ከቀለም በፊት ነው። መመሪያው ክፍሎቹን ቀድማችሁ ቀቡ ይላል፤ አትስሙት። እግሯ እስኪስተካከል ድረስ በቀን አሥር ጊዜ ትነካኳታላችሁ።

አንድ የምታጡት ነገር አለ። በኪቱ የፊት ጎማዎች መዞር ይችላሉ። ዝቅ ካለች በኋላ ግን ጎማው ሲዞር ፓራፋንጎውን ይነካል፣ የተጠገነው ቋሚም ይላላል። መሪው ይቅር። ቀጥ አድርጋችሁ በቲነር አስይዙት። መደርደሪያ ላይ የቆመች መኪና መሪ ምን ያደርግላታል? የፓራፋንጎውን የውስጥ ገጽ ደግሞ ወረቀት በመሃል እስኪያልፍ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት። የጎማዎቹን ታች ትንሽ ብትፈትጓቸው ክብደት ያላት ትመስላለች።

የቀረው ቀለም ብቻ ነው። እኔ ሰማያዊ ልቀባት ነው። ጋሼ "ጣሪያዋን ነጭ አድርግና ታክሲ ትሁንልህ፣ ቢያንስ ሠርታ ትግባ" ይሉኛል።