እግሬን አተረፍኩ፣ ትከሻዬን በገዛ እጄ አበላሸሁ

ስትሮኩ የመጣብኝ በታኅሣሥ 2012፣ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጠዋት የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ቀኝ እጄ ክሩን አልይዝ አለ። 51 ዓመቴ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን "አሁንማ ደህና ነኝ" ብዬ ካቆምኩ ወራት አልፈው ነበር። ሆስፒታል፣ ሲቲ ስካን፣ አሥር ቀን አልጋ፣ ከዚያ ቤት። ይሄን የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ አንዲት ገመድ ነው።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተሰቀለች። በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ እሄድ ነበር። መጋቢት ሲገባ በከዘራ ሃያ እርምጃ ደርሻለሁ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስንደርስ ጥበቃው ከበሩ መለሰን። "ፊዚዮቴራፒ ቆሟል፣ ድንገተኛ ብቻ ነው።" እስከ መቼ? አያውቅም። ማንን እንጠይቅ? አያውቅም። ባለቤቴ ለምና ለምና አንድ ሰው ከውስጥ ወረቀት ይዞ ወጣ። ፎቶኮፒ ተደርጎ ተደርጎ የደበዘዘ፣ ስምንት ሥዕል ያለበት። አንዱ ሥዕል ላይ ሰውዬው ሁለት እጁን ሽቅብ ዘርግቷል። ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ "በቀን 2 ጊዜ" ተብሎ ተጽፏል። በቃ።

ሠራተኞቹም እንደኛው ፈርተው እንደነበር አይጠፋኝም። ማስክ እንኳ እንደልብ አልነበረም። ግን ሁለት ደቂቃ፣ በሁለት ሜትር ርቀት፣ "ትከሻህን ተጠንቀቅ" የሚል ሰው መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የእግሩ ነገር ቀላል ሆነ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ደረጃው። ስወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስወርድ የታመመው። ባለቤቴ ስወጣም ስወርድም ከእኔ በታች ትቆማለች። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ማስክ አድርጌ።

ያኔ ስልክ ስትደውል ከጥሪው በፊት የኮሮና ማስጠንቀቂያ ነው የምትሰማው። ቤታችሁ ቆዩ፣ በተለይ ደም ግፊትና ስኳር ያለባችሁ። ልጄም "አባዬ፣ አንተን ነው እኮ የሚሉት" እያለች በሩን ትዘጋብኛለች። አልሰማኋትም፤ ደግም አደረግኩ። ከስትሮክ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው ሰውነት ቶሎ የሚመለስባቸው። እነዚያን ወራት ሶፋ ላይ ዜና እያየሁ ብጨርሳቸው ኖሮ ማን ይመልስልኝ ነበር? ሰው ካለበት ራቅ፣ ማስክ አድርግ፣ ግን ውጣ። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። አፌ ወደ ግራ ጠመም ብሎ ነበር። ለዚህ ብዬ ሦስት ወር ከጎረቤት ተደብቄያለሁ። ማስኩ ሸፈነው። ግቢ ወርጄ ሰላም ስባባል ማንም አፌን አያይም። ደግሞ ሁሉም ቤት ዋለ፤ ከሥራ የቀረሁት እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ። አገር ተጨንቆ እኔን ቀለል አለኝ ማለት ያሳፍራል። ግን እንደዚያ ነበር። ማታ ማታ የሳሙና ማስታወቂያ አይቼ የማለቅሰውን ለቅሶ ግን ማስኩም አላስቆመው። ስትሮክ እንዲህ እንደሚያስለቅስ ማንም አልነገረኝም፤ በሃይማኖቴ ያጎደልኩት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

ወደ ገመዷ።

እጄ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። እግሬ ሲሻሻል እጄ ባለበት መቅረቱ አበሳጨኝ። የባለቤቴ ወንድም እንጨት ሠራተኛ ነው፤ እጀ ወርቅ። የዚያችን ወረቀት ሥዕል አሳየሁት። "ጋሼ፣ ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ዓይነት ትንሽ መዘውር አምጥቶ ከሳሎኑ ኮርኒስ በላይ ካለው ኮንክሪት ጋር በብሎን አሰረልኝ። ገመዱን አሳልፎ ሁለት ጫፉ ላይ መያዣ አበጀ። ቀኝ እጄን በሻርፕ ከአንዱ ጋር እናስረዋለን። በግራዬ ሌላውን ቁልቁል ስስብ ቀኜ ሽቅብ ይወጣል። ከስትሮኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጄ ከራሴ በላይ ሲሆን ሳየው እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም።

በቀን ሃምሳ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት መቶ። ደብተር ይዤ እመዘግብ ነበር፤ ሂሳብ ሠራተኛ አይደለሁ! ዘመድ ሲደውል "ዛሬ ሁለት መቶ ሠራሁ" እላለሁ። "አንተ ጀግና" ይሉኛል።

ሕመሙ በሌሊት ጀመረ። ትከሻዬ ውስጥ ሚስማር የገባ ይመስላል። ስፖርት ነው፣ መጀመሪያ ያማል፣ ይለቃል ብዬ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዝ ማልበስ ለባለቤቴ ፈተና ሆነ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት። ቀኝ ትከሻዬ ላይ፣ ከአጥንቱ ጫፍ ሥር፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ተፈጥሯል። ባለቤቴ ጣቷን አስገባችና ምንም ሳትል እጇን ሰበሰበች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ፋርማሲ ልኬ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አስመጣሁ። የሸጠልን ሰው ለማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እኛም አልተናገርንም። ለአሥር ቀን ዋጥኩ። ትከሻዬ ትንሽ ቀለለኝ። ግፊቴን ስለካ 175 በ105። ይህ ዓይነት ማስታገሻ ግፊት ከፍ እንደሚያደርግና ስትሮክ የመታው ሰው እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ የሚወስደው እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። አንዱን ለማስታገስ ሁለተኛ ስትሮክ ልጠራ ነበር።

ክኒኑን ተውኩና ወጌሻ አስጠራሁ። ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ መጣ። ዳሰሰኝ። "ወልቋል፣ እመልሰዋለሁ" አለ። ቅባት ቀብቶ፣ ጉልበቱን ብብቴ ውስጥ ሰክቶ ጎተተ። የጮህኩትን ጩኸት አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰምተው ሞቼ መስሏቸው ወረዱ። ወጌሻን አልንቅም። ልጅ እያለሁ ክንዴ ሲወልቅ የመለሱልኝ እነሱ ናቸው። የኔ ግን የወለቀ አጥንት አልነበረም፤ የሚይዘው ጡንቻ የላላ ትከሻ ነው። ተጎትቶ የሚመለስ ነገር የለውም።

በመጨረሻ ባለቤቴ ቀድሞ ፊዚዮቴራፒ ታሠራኝ የነበረችውን ልጅ ስልክ አፈላልጋ አገኘች። ቪዲዮ ላኩልኝ አለችን። ቀረጽን። ልንልክ ስንል ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሳምንታት። በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። "እጄን ከፍ አደርጋለሁ" እላታለሁ፣ "ጎበዝ፣ እስከሚችሉት ድረስ" ትለኛለች። ስለ ገመዱ አልነገርኳትም፤ ምኑን ልንገራት፣ እሱን እንደ ጥፋት መች ቆጠርኩት! እየቀነስኩም ቢሆን መሳቤን አልተውኩም። ሐምሌ ላይ ቪዲዮው ደረሳት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለች። "ጋሼ፣ ያንን ገመድ ዛሬውኑ ያውርዱት!"

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። የላላ ትከሻ የእጁን ክብደት መሸከም ስለማይችል ከቦታው ወደ ታች ይንሸራተታል። ጤነኛ ሰው እጁን ሲያነሳ የጀርባው ሰፊ አጥንት አብሮ ይዞራል። የኔ አይዞርም። በገመድ ስስበው አጥንት ከአጥንት መካከል ያለውን ሥጋ እየጨፈለቅኩ ነበር። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። በደብተር እየመዘገብኩ።

አዲሱ ሥራ ሰው ፊት የሚያኮራ አልነበረም። ስቀመጥ እጄ ትራስ ላይ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፌ በሁለት እጄ ወደ ፊት መግፋት፣ መመለስ፤ እስከማያመኝ ድረስ ብቻ። ከትከሻ በላይ ማንም እጄን እንዳያነሳው። ሲያስነሱኝ ደግሞ በእጄ አይደለም፣ ወገቤን ይዘው። በእጅ መጎተቱ ለካ ከገመዱም የባሰ ነበር። ደግ ሰው ሁሉ "አይዞህ፣ ተነስ" እያለ የሚጎትተው ያንኑ እጅ ነው። ቤተሰብ ይሄን ካላወቀ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ብሆን ከስትሮክ ክፍል የሚወጣን ታካሚ ደረት ላይ "በእጁ አትጎትቱት" የሚል ወረቀት እለጥፍ ነበር።

በታመመው ትከሻዬ በኩል መተኛት የቻልኩት በታኅሣሥ ነው፤ ስትሮኩ ዓመት ሲሞላው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኅዳር ላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መመሪያ አወጣ። አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ አካል ጉዳት ያለበትም ጭምር ይላል። ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ ከትንሽ ጀምሩ የሚልም አለበት። ግን ሰው የሚይዘው ቁጥሩን ነው፤ እኔን ያየ ቁጥር አይዝም። በቀን ስንቴ ከወንበር እንደተነሳችሁ ካወቃችሁ ለጀማሪ ይበቃል ባይ ነኝ። በማግስቱ የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ አበዛችሁት።

መዘውሩ እስከ አሁን ኮርኒሱ ላይ አለ። ብሎኑ አልፈታ ብሎ ነው። ገመዱን ባለቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጫ አደረገችው። ወገቤ ድረስ ዝቅ አድርጋ ነው ያሰረችው። ካልሲ የማሰጣው እኔ ነኝ፤ በቀኝ እጄ። መቆንጠጫውን ግን ገና አልቻልኩትም።