የቤቱ ራስ

ከትናንት ጀምሮ ደብሮኛል። ሽማግሌዎች ታናሽ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ነገሩ በሰላም አለቀ፣ ቀኑም ተቆረጠ። ብቻ ሊወጡ ሲሉ አንዱ አባት «እንግዲህ ልጄ፣ የቤቱ ራስ እሱ ነው፤ ታዘዢው» አሏት። ደግ ሰው ናቸው፣ ክፋት አስበው አይደለም። እሷም አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ አለች። ቡናው ቀጠለ። እኔን ግን ቃሉ ይዞኝ ቀረ።

ይህ የሽማግሌ ምክር ብቻ አልነበረማ። ሕግ ነበር! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያስገድዳታል። ባል ሠራተኛ ሊያመጣላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች የሚልም አለበት። ለማግባት ወንዱ 18 ዓመት ሲሞላው ነው፣ ለሴቷ 15 ይበቃታል። እናቴ የተዳረችው በዚህ ሕግ ነው። እስከ 1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ድረስ እንዲህ ቆየ።

ያ ሕግ ሲወጣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የምክር ቤት አባል ነበሩ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እሳቸውን ሁላችንም «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ብለን ነው የምናውቃቸው። ያናድደኛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። አዲስ ዓለም ተወልደው ስዊዘርላንድ ተማሩ። ጣሊያን ሲገባ ጥቁር አንበሶች ከሚባሉት አርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተይዘውም ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ደግሞም ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊነታቸውን ማን ያነሳል? «የልቤ መጽሐፍ»ን አንብቤያለሁ የሚል ሰው ስንት ታውቃላችሁ? ግጥምም ተውኔትም አለበት፣ ያ የጠላት ዘመን አለበት።

በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳሉ ተውኔት ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቻቸው ይጫወቱታል። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። በዚያ ዘመን አንዲት ልጃገረድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ፊት ቆማ፣ ስለ አገር ስትናገር! ቤቷ እንግዳ ሲመጣ ቀና ብላ የማታይ ልጅ ልትሆን ትችላለች። መድረኩ ላይ ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማታል። ይህን ዕድል የሰጠቻት ሌላ ሴት ናት፣ ቃሉንም የጻፈችላት እሷው ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያን የምታህል ልጅ ለትዳር ደርሳለች የሚል ሕግ ወጣ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲፈቅድ ወይዘሮ ስንዱ በ1950 ተወዳድረው ገቡ። ወንዶች በሞሉት ምክር ቤት ለሴቶች እኩልነት ተሟገቱ፣ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። መታዘዝ የሚለው አንቀጽ ግን አለፈ፤ ለ40 ዓመት ያህልም ጸና። ያን ሁሉ ደክሞ እንዲህ ያለ ሕግ ሲጸድቅ ማየት እንዴት ይቻላል? በማግስቱስ ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ?

እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ትቼ እወጣ ነበር ልል አሰብኩ፤ ግን አይደለም። ሴት የሌለችበት ምክር ቤት ምን ሊያወጣ ይችል እንደነበር ሳስበው ያስፈራኛል።

እኔም ደንብ የሚጽፍ ኮሚቴ ውስጥ ግቢ ተብያለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል። ከገባሁ ስብሰባው ጊዜዬን ይበላዋል፣ የጀመርኩት ጽሑፍም ይቆማል። ካልገባሁ ደግሞ ደንቡን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። ወይዘሮ ስንዱን ማግኘት ብችል የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ከወንበሩና ከተውኔቱ ለእነዚያ ልጆች የበለጠ የጠቀማቸው የቱ ነበር?